«ነርስ አልነበርሽም እንዴ?» ተባልኩ፦ የእንግሊዝኛዎቹ «ላይክ» እና «አዝ» የሚለያዩት የት ላይ ነው?

ነርሷ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ይህን ከመጻፌ በፊት ሁለት ቀን አመነታሁ። ነገሩ ግን ከሆዴ አልወጣ አለ።

ጎንደር አካባቢ ባለ አንድ ጤና ጣቢያ 6 ዓመት ነርስ ሆኜ ሠርቻለሁ። አሁን ሜሪላንድ ነኝ። ለኤንክሌክስ፣ ለአሜሪካው የነርስነት ፈቃድ ፈተና፣ እየተዘጋጀሁ ነው። እስከዚያው የቤት ኪራይ አለ፤ ስለዚህ አንድ የአረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ አመለከትኩ። ባለፈው ሳምንት በስልክ ኢንተርቪው አደረጉኝ። ሴትየዋ ልምዴን ጠየቀችኝ። አስቤ፣ ተጠንቅቄ፣ «አይ ወርክድ ላይክ ኤ ነርስ ፎር ሲክስ ይርስ» አልኳት።

ዝም አለች። ከዚያ «ሶ ዩ ወር ኖት ኤ ነርስ?» አለችኝ። ኧረ ነበርኩ አልኳት። «በት ዩ ሴድ ላይክ» አለች። ላስረዳት ስሞክር ይብስ ተንተባተብኩ። ኋላ በላኩልኝ ወረቀት ላይ፣ ምንም ልምድ የሌለው ሰው የሚጀምርበት ክፍያ ላይ ነው የመደቡኝ።

ሌሊት መብራት ጠፍቶ፣ በእጅ ባትሪ ብርሃን ሕፃን ተቀብያለሁ። ለወባ ታማሚ ጉሉኮስ ሰቅዬ አጠገቡ ነግቶብኛል። ያ ሁሉ ነው «እንደ ነርስ ነገር ነበረች» የተባለው። እኔ ያልኩት መስሎኝ የነበረው «እንደ ነርስ ሠራሁ» ነው። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ በእንግሊዝኛ ተምሬያለሁ፤ ይህን ግን ለይቶ ያስረዳኝ ሰው አላስታውስም። «እንደ» መቼ «ላይክ» ነው፣ መቼ «አዝ»? የሚያውቅ ይንገረኝ።

ብርቱካን፦
አይዞሽ ሲስተር። እኔም ሆቴል ውስጥ «አይ ወርክ ላይክ ኤ ካሸር» እያልኩ ሁለት ዓመት ኖሬያለሁ። የነገረኝ ሰው አልነበረም። መልሱን እኔም እጠብቃለሁ።

ጠመኔ፦
እህቴ፣ በመጀመሪያ ስላልሽው ነገር አዝናለሁ። እኔ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት 27 ዓመት እንግሊዝኛ አስተምሬ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። ይህን ስሕተት በብዙ ደብተሮች ላይ በቀይ አርሜያለሁ። ተማሪው ለምን እንደተሳሳተ ግን ቶሎ አልገባኝም ነበር። ዓመታት ፈጀብኝ።

እስቲ የራስሽን ጽሑፍ መለስ ብለሽ አንብቢው። ሁለተኛው አንቀጽ ላይ ምን አልሽ? «6 ዓመት ነርስ ሆኜ ሠርቻለሁ» ነው ያልሽው። «እንደ ነርስ ሠርቻለሁ» አላልሽም። ማንም ሳይነግርሽ፣ ለእኛ በአማርኛ ስታወሪ ትክክለኛውን መርጠሻል። «እንደ» የመጣብሽ ወደ እንግሊዝኛ ልትሻገሪ ስትይ ነው። እንግዲህ ልዩነቱን ታውቂዋለሽ ማለት ነው። የጎደለሽ የትኛው ከየትኛው ጋር እንደሚገጥም ማወቅ ብቻ ነው።

«አዝ» ማለት «ሆኜ» ነው፤ ወይም «በ...ነት»። በነርስነት ሠራሁ፣ በመምህርነት ተቀጠርኩ፣ በሹፌርነት አገለገልኩ። ይህ ሁሉ «አዝ» ነው። «ላይክ» ግን «የሚመስል» ነው፤ «ልክ እንደ» የምንለው። እናቴ ነርስ አይደለችም፣ ታማሚ ስታስታምም ግን ልክ እንደ ነርስ ናት። ይህ «ላይክ» ነው። ሴትየዋ የሰማችው ይህን ሁለተኛውን ነው። ጆሮዋ አልተሳሳተም፤ ያልሽው ቃል ያንኑ ነው የሚለው። ስለ ክፍያው ግን አንድ ቃል ይዞ ከመወሰን ወረቀትሽን ማየት ይቀድም ነበር።

ለተማሪዎቼ የምሰጣቸው ምሳሌ ይኸው። «አዝ ኤ ቻይልድ፣ አይ ክራይድ ኤ ሎት» ካልሽ «በልጅነቴ ብዙ አለቅስ ነበር» ነው። «አይ ክራይድ ላይክ ኤ ቻይልድ» ካልሽ ደግሞ ትልቅ ሰው ሆነሽ፣ ምናልባት ትናንት ማታ፣ እንደ ሕፃን አለቀስሽ ማለት ነው። አማርኛው «በልጅነቴ» እና «እንደ ሕፃን» ብሎ ለይቶ አስቀምጦታል። ስለዚህ «እንደ» አፍሽ ላይ ሲመጣ ቆም በይና «ነት» ልጨምርበት ብትዪ ያስኬዳል ወይ ብለሽ ጠይቂ። ካስኬደ «አዝ»። ካላስኬደ፣ «የሚመስል» ብትዪበት ከሄደ፣ «ላይክ»።

ብርቱካን፦
መምህር፣ እጅዎን ይባርከው። «በካሸርነት»። ገባኝ።

የሃይፋዋ፦
እኔ እስራኤል ነው ያለሁት። እዚህ ዕብራይስጥ ስንማር ይኸው ጣጣ ገጥሞን ነበር። «ኬአኾት» ስትይ በነርስነት ነው። «ክሞ አኾት» ስትይ ግን እንደ ነርስ፣ ነርስ ሳትሆኚ። የሚገርመው «አኾት» እህትም ነርስም ናት፤ እኛ ነርስን «ሲስተር» እንደምንለው። ስለዚህ «ክሞ አኾት» ብለሽ ብትቀሪ «እንደ እህት ነበርኩ» ነው የሚሰማቸው። እኔ ማመልከቻ ላይ የጻፍኩት እሱን ነበር። አስተማሪዬ ቀድማ አይታ አስተካከለችልኝ እንጂ ያንቺው ነገር ይደርስብኝ ነበር።

የሽቱትጋርት ነዋሪ፦
ጀርመንኛም ለይቶታል። «አልስ» በነርስነት፣ «ቪ» የሚመስል። እዚህ ነርስ በቆየው አጠራር «ክራንከንሽቬስተር» ናት፤ ቃል በቃል የሕመምተኛ እህት። ሲስተር፣ የትም ብትሄጂ እህት ነሽ።

እኔ ጀርመንኛውን ከተማርኩ በኋላ ነው እንግሊዝኛው የገባኝ። ሁለቱ የአንድ ቤት ልጆች ናቸው። «አዝ» እና «አልስ» ሁለቱም «እንዲሁ ሁሉ» እንደማለት ከሆነ ጥንታዊ ሐረግ አጥረው የቀሩ ናቸው። የእንግሊዝኛው «ኦልሶ»ም ከዚያው ነው የመጣው። «አዝ» የ«ኦልሶ» ታናሽ ወንድም ነው በለው።

ዱባይ ማታ፦
እኔ አንድ ጥያቄ አለኝ። የምሠራበት ቤት ማዳሜ በጣም ጥሩ ሰው ናት። «እንደ ልጇ ነው የምታየኝ» ልል ፈልጌ የጋሼን ፈተና ሞከርኩ። «በልጅነቷ ታየኛለች» ሆነብኝ። ይህ ደግሞ ሌላ ነገር ነው። ምን ልበል?

ጠመኔ፦
ልጄ፣ ፈተናው በትክክል ሠርቶልሻል። «ነት» ስትጨምሪበት ትርጉሙ ተበላሸ፤ አላስኬደም ማለት ነው። እንግዲህ «ላይክ» ነው። «ሺ ትሪትስ ሚ ላይክ ኤ ዶተር»። የሥጋ ልጇ አይደለሽም፣ ግን ልክ እንደ ልጅ ታይሻለች። እግዚአብሔር ያክብርልሽ።

ከ«ትሪት» ጋር «አዝ» የሚመጣበትም ጊዜ አለ። ፖሊስ አንድን አሟሟት «አዝ ኤ መርደር» ይዞ ይመረምራል። እዚያ መምሰል የለም፤ በግድያ መዝገብ ከፍቶ ይዞታል ማለት ነው።

ነርሷ፦
ጋሼ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ። «አዝ» ማለት «በእውነት የሆነ» ነው ብዬ ልያዘው? ምክንያቱም አንድ ቀን አንዲት እናት እጇ የተሰበረ ልጅ ይዛ መጣች። ማንጠልጠያ ጨርቅ አልነበረንም። የራሷን ነጠላ ከትከሻዋ አወረድኩና አጥፌ ክንዱን በእሱ አንገቱ ላይ አንጠለጠልኩት። ነጠላው በእውነት ማንጠልጠያ አይደለም። ይመስላል እንጂ። ታዲያ «ላይክ» ነው?

ጠመኔ፦
እንዲህ ዓይነት ጥያቄ ነው ክፍል ውስጥ የናፈቀኝ።

«አዝ» ነው። «አይ ዩዝድ ኸር ነጠላ አዝ ኤ ስሊንግ»። ስለዚህ «በእውነት የሆነ» ብለሽ አትያዢው፤ ያሳስትሻል። «አዝ» የሚጠይቀው ሥራውን ነው። ያ ነጠላ ያን ቀን የማንጠልጠያ ሥራ ሠራ። በአማርኛ ብትፈትኚውም ይሄዳል፦ «በማንጠልጠያነት አገለገለ»። ነጠላው ማንጠልጠያ መምሰሉን ማንም አላየም፤ መልኩ ያው ነጠላ ነው። የልጁን ክንድ ግን ይዞ ውሏል።

«ላይክ» ደግሞ መልኩን፣ ሁኔታውን ነው የሚያየው። ሥራው ላይ ግድ የለውም። ፋሲካ ላይ የሚለበስ አዲስ ነጠላ «ላይክ ስኖው» ነጭ ነው ትያለሽ። በረዶ ሆኖ አላገለገለም።

ቃል ሰብሳቢ፦
እዚህ ላይ ጣልቃ ልግባ። ጋሼ «መልኩን» ሲሉ ነው የነካኝ። «ላይክ» የሚለው ቃል ከጥንት ጀምሮ የአካል ቃል ነው። በጥንቱ እንግሊዝኛ «ሊክ» ማለት አካል፣ ገላ ማለት ነበር። «ላይክ» ማለትም «አካሉ አንድ የሆነ» ማለት ነው። ጀርመን ያለኸው ወንድሜ፣ «ላይሸ» እዚያ ሬሳ አይደል? እሱ ነው፤ የዚያው ሥር ነው።

የኛው «መልክ»ም ከግዕዙ «መልክዕ» ነው። «መልክአ ማርያም»፣ «መልክአ ሚካኤል» የሚባሉትን የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ከራስ ጠጉር እስከ እግር ጥፍር አካልን እየጠሩ «ሰላም ለ...» እያሉ የሚያመሰግኑ ናቸው። «መልክ» እና «ላይክ» ድምፃቸው ስለተቀራረበ ዝምድና አላቸው ማለቴ አይደለም፤ የላቸውም። ግን ሁለቱም ሕዝብ መመሳሰልን ሲያስብ ዓይኑን ያሳረፈው ገላ ላይ መሆኑ ደስ ይለኛል።

«መሰለ» ደግሞ ሰፊ ቤተሰብ አላት። ምስል፣ ምሳሌ፣ አምሳል የእሷ ናቸው። የዓረብኛው «ሚስል» እና የዕብራይስጡ «ማሻል» ዘመዶቿ ናቸው። «ክሞ» ያልሽው እህቴ፣ እሱም የግዕዙ «ከመ» ወንድም ነው።

የሃይፋዋ፦
«ከመ» እና «ክሞ»! ስንት ዓመት ስለው ኖሬ ልብ አላልኩትም።

አራት ኪሎ፦
ይህን ክር ሳነብ ደሜ የሚፈላበት አንድ ነገር ትዝ አለኝ። «እንደ ሀገር»፣ «እንደ ተቋም»፣ «እንደ መንግሥት»። ስብሰባ ስትገባ፣ ዜና ስትከፍት ይኸው ነው። «እንደ ሀገር ብዙ ሠርተናል»። ሀገር አይደለንም እንዴ? ሀገር መስለን ነው እንዴ የሠራነው? ይህ «አዝ ኤ ካንትሪ»ን ቃል በቃል የገለበጠ አማርኛ ነው። «በሀገር ደረጃ» ማለት እያለ!

ብርቱካን፦
እኔ ግን ቃሉ ሲነገር ትርጉሙ ይገባኛል። ያን ያህል ይከፋል?

አራት ኪሎ፦
ይገባሻል፣ ምክንያቱም ለምደሽዋል። አያትሽን ጠይቂያት። «እንደ እናት እመክርሻለሁ» ካለችሽ እናትሽ አይደለችም ማለት ነው፤ እናትሽ ከሆነች «እናትሽ ነኝና ስሚኝ» ነው የምትልሽ።

ጠመኔ፦
አራት ኪሎ፣ የልብህን ተቆርቋሪነት እጋራለሁ። «በሀገር ደረጃ» ይበልጥ ያምራል። እኔም ስጽፍ እሱን ነው የምጽፈው። ግን «እንደ»ን መምሰል ብቻ ነው ብለን ብናጥረው አማርኛን እናሳንሰዋለን። «ሰው እንደ ቤቱ እንጂ እንደ ጎረቤቱ አይኖርም» እንል የለ? «እንደ ቤቱ» ቤት መስሎ ማለት አይደለም። በቤቱ አቅም ልክ ማለት ነው። ይህ «ላይክ»ም «አዝ»ም አይደለም፤ «አኮርዲንግ ቱ» ነው። «እንደ እሱ አባባል» ስንልም ይኸው ነው። ተማሪዎቼ «ላይክ ሂም» ብለው ይጽፉት ነበር፤ «እሱን የሚመስል» ይሆናል።

አሁን ደግሞ «እንደ» ግሥ ላይ ሲለጠፍ። ይህ ቀላሉ ክፍል ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ «አዝ» ነው። «እንደነገርኩሽ» አዝ አይ ቶልድ ዩ። «እንደምታውቂው» አዝ ዩ ኖው። «እንደተለመደው» አዝ ዩዡዋል። ልዩ የሚሆኑ አሉ። «እንደመጣ ደወለልኝ» ካልሽ «አዝ ሱን አዝ» ነው፣ ወዲያው ማለት። «እንደመጣ ሰማሁ» ካልሽ ደግሞ «ዛት» ነው። እዚያ መምሰልም ሥራም የለም።

የሽቱትጋርት ነዋሪ፦
ጋሼ፣ ግን አሜሪካኖቹ ራሳቸው «ላይክ አይ ሴድ» ይላሉ እኮ። በየፊልሙ እሰማለሁ።

ጠመኔ፦
ይላሉ። ዛሬም አልጀመሩትም፤ «ላይክ»ን በግሥ ፊት ማምጣት ከ14ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ አለ። ሰዋስው ጠባቂዎቹ ግን አልወደዱትም። እ.ኤ.አ. በ1954 አሜሪካ ውስጥ የዊንስተን ሲጋራ ማስታወቂያ ወጣ፦ «ዊንስተን ቴስትስ ጉድ ላይክ ኤ ሲጋሬት ሹድ»። ከ«ላይክ» በኋላ የመጣው «ኤ ሲጋሬት ሹድ» ነው፤ ባለቤትም ግሥም አለው። ስለዚህ «አዝ» መሆን ነበረበት ብለው ብዙ ጮኹ። ማስታወቂያው ግን ሳይቀየር ለዓመታት ቆየ።

የኔ ምክር ይህ ነው። ከጓደኛ ጋር ስታወሩ «ላይክ አይ ሴድ» ብትሉ የሚጎዳችሁ ነገር የለም። ፈተና ላይ፣ ማመልከቻ ላይ፣ ደብዳቤ ላይ ግን «አዝ አይ ሴድ» ጻፉ። በስም ፊት ያለው ልዩነት፣ ሲስተር የገጠማት ማለት ነው፣ ከዚህ የተለየ ነው። እሱን አሜሪካኖቹም አያደባልቁትም። ልጆቻቸውም ይለዩታል። ሰው ነርስ መሆኑን ወይም አለመሆኑን የሚናገር ነውና።

ዱባይ ማታ፦
«ሴም» ላይስ? «ዘ ሴም ላይክ ዩ» እላለሁ።

ጠመኔ፦
«ዘ ሴም አዝ»። ሁልጊዜ። «ሲሚላር» ካልሽ ደግሞ «ቱ» ነው የሚከተለው።

ብርቱካን፦
እና ፌስቡክ ላይ «ላይክ» የምናደርገው ሌላ ቃል ነው?

ቃል ሰብሳቢ፦
ሩቅ ዘመድ ነው። «መውደድ» የሆነው «ላይክ» ጥንት «መስማማት፣ ደስ ማሰኘት» ነበር ትርጉሙ፤ ከዚያው «ሊክ» ከሚለው የአካል ሥር ነው የወጣው። ለገላ የሚስማማ፣ የሚገጥም ነገር ደስ ያሰኛል እንደማለት ነው። ልብስ ልክሽ ሲሆን እንደምትወጂው።

ነርሷ፦
ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። ትናንት ማታ ከሥራ ፈላጊዎቹ ሰልፍ ስመለስ ቁጭ ብዬ ለዚያ መሥሪያ ቤት ኢሜይል ጻፍኩ። «አይ ወርክድ አዝ ኤ ነርስ ፎር 6 ይርስ» የሚለውን መጀመሪያው መስመር ላይ አደረግኩት። ዲፕሎማዬን፣ የሙያ ፈቃዴን እና ከጤና ጣቢያው ያመጣሁትን የሥራ ልምድ ደብዳቤ አያይዤ ላክሁ። ዛሬ ጠዋት መለሱልኝ። ደብዳቤው ወደ እንግሊዝኛ ተተርጉሞ ይምጣና ክፍያውን እናየዋለን አሉ። ሌላ ቃል አልገቡም። ግን ኢሜይላቸው ላይ «ዩር ኤክስፒሪየንስ አዝ ኤ ነርስ» ብለው ነው የጻፉት። ደጋግሜ አነበብኩት።

ከልምድ ደብዳቤው ጋር ስለ ሥራዬ አንድ ገጽ ጻፊ ብለውኛል። የመጨረሻ ጥያቄዬ ከዚያ ነው። ጤና ጣቢያው ውስጥ አንዲት አንጋፋ አዋላጅ ነበሩ። መርፌ አያያዝ ያስተካከሉልኝ፣ መጀመሪያ ሌሊት ተረኛ ስሆን ፈርቼ ሳለቅስ ሻይ አፍልተው አጠገቤ የተቀመጡ፣ ምጥ ሲጠናብን እጄን ይዘው «ቆይ፣ አትቸኩዪ» ያሉኝ እሳቸው ናቸው። «እንደ እናት ነበሩልኝ» ብዬ ልጽፍላቸው እፈልጋለሁ። አልወለዱኝም። ግን የእናት ሥራ ሠርተውልኛል። ታዲያ በጋሼ አባባል ሥራ ከሆነ «አዝ» ነው ልል ነበር፤ እጄ ግን እምቢ አለኝ።

ጠመኔ፦
እጅሽን እመኚው። «በእናትነት አገለገሉኝ» ብለሽ አትጽፊላቸውም፤ የሹመት ነገር ይመስላል፣ ይቀዘቅዛል። «ልክ እንደ እናቴ ነበሩ» ነው የምትዪው። ስለዚህ ለእሳቸው «ሺ ዋዝ ላይክ ኤ ማዘር ቱ ሚ» ብለሽ ጻፊ።

ነርሷ፦
ጻፍኩት።